ደም ስሮቹስ?

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የደወለችው በእድራችን የማውቃት ወጣት ናት። እናቷ በሳምንቱ መጀመሪያ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል።

«ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ስለደወልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእማዬ ውጤት ስልኬ ላይ ገባ። ዶክተሯ ገና አልደወለችም። አንድ መስመር አለ፣ ላንብብልዎት?»

አነበበችልኝ። እንግሊዝኛው አይቸግራትም፤ ያደገችው እዚሁ አሜሪካ ነው። መስመሩ ግን የእኛ የፓቶሎጂስቶች ቋንቋ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የደቃቅ ደም ስሮች መባዛት ታይቷል» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ያገኘችውን ልትነግረኝ ስትጀምር ድምጿ ተቆረጠ።

እኔ እንዲህ ያለውን መስመር ስጽፍ ነው የምውለው። ሥራዬ ከአንጎል የተወሰደን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቼ ስሙን መናገር ነው። የእናቷን ናሙና ያየሁት እኔ አይደለሁም፤ የታከሙት ሌላ ሆስፒታል ነው። ቢሆንም ያቺ መስመር እንዴት እንደምትጻፍ፣ ከመጻፏም በፊት ምን ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ድሮ ይህ ሁሉ በር ተዘግቶ የሚያልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ግን በአሜሪካ በወጣው ደንብ ውጤቱ እንደተጻፈ በአብዛኛው ወዲያው ለታካሚው ይከፈታል። ሐኪሙ እስኪያብራራ አይጠበቅም። በእኛ ባህል መርዶ እንኳ ወግ አለው፤ ማን እንደሚናገር፣ በስንት ሰዓት እንደሚነገር፣ ማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ይታሰብበታል። አሁን ልጅ ሶፋ ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላ ከስልኳ ታነበዋለች። በሩ ከተከፈተ አይቀር፣ ከበሩ ጀርባ የሚባለውን ሹክ ልበላችሁ።

ሥራው የሚጀምረው ታካሚው ገና ኦፕራሲዮን ክፍል ተኝቶ ሳለ ነው። የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ አንዳንዴም ከምስር የማትበልጥ ቁራጭ በትንሽ ዕቃ ትመጣልናለች። ከፊሏን በሁለት ስላይድ መሃል ጨፍልቀን እናያለን፤ ከፊሏን አቀዝቅዘን በስሱ እንቆርጣለን። ይህን «ፍሮዝን» እንለዋለን። ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን እንዳጠለቀ መልሳችንን ይጠብቃል፤ ያለን ጊዜ ሃያ ደቂቃ ግድም ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ አዛውንት ሐኪም በዚያች ሰዓት የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሴሎቹ ምን ያህል እንደተበላሹ ስዘረዝርላቸው እስከ መጨረሻው ያዳምጡኝና «ደም ስሮቹስ?» ይላሉ። ዛሬ እኔም ተማሪዎቼን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ጤነኛ አንጎል ውስጥ ያለች ደቃቅ ደም ስር ለማየት እንኳ ታስቸግራለች። ቀይ የደም ሴሎች አንድ በአንድ ተሰልፈው የሚያልፉባት ቀጭን ቱቦ ናት፤ ውስጧ በአንድ ረድፍ ስስ ሴል ተለብጧል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከምንጠቀምበት ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ይህን ሁሉ የሚያደርስለት የእነዚህ ቱቦዎች መረብ ነው። መረቡ ጥብቅ ነው፤ ከደም ወደ አንጎል የሚያልፈውን መርጦ ነው የሚያሳልፈው።

የክፉ ዕጢ ደም ስር ሌላ ነው። በሐምራዊና በሮዝ ቀለም በተነከረው ስላይድ ላይ ግድግዳው በሁለትና በሦስት ረድፍ ተደራርቦ፣ ቱቦው በራሱ ላይ ተጠምጥሞ፣ መሃሉ ጠቦ ይታያል። ኩላሊት ውስጥ ደም የሚያጣራውን የደም ስር ጥምጥም ስለሚመስል «ግሎሜሩሎይድ» እንለዋለን። የቃሉ ሥር በላቲን የክር ልቃቂት ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ደነገጥኩ፤ ገና ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ ሳየው ትዝ ያለኝ አያቴ ከእንዝርቷ እያወረደች የምትጠቀልለው የፈትል ልቃቂት ነበርና። የአያቴ ፈትል ግን ጫፉ ይገኛል። የዚህኛው አይገኝም።

ልቃቂቱ የሚመጣው ከረሃብ ነው። ጁዳ ፎክማን የተባሉ የቦስተን ቀዶ ሐኪም በ1971 ዕጢ አዲስ ደም ስር ካልሳበ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ማደግ አይችልም ብለው ጻፉ። ኦክስጅን ያጠረው የዕጢ ሴል ደም ስር የሚያስበቅል ኬሚካል ይረጫል፤ ከእነዚህ ዋናው ቪኢጂኤፍ ይባላል። ስላይዱ ላይ ታሪኩ በዓይን ይነበባል። መሃል ላይ የሞቱ ሴሎች ደሴት አለ። ዙሪያውን የዕጢው ሴሎች እንደ አጥር እንጨት ተጠጋግተው ተሰልፈዋል፤ አየር ካጠረበት ቦታ እየሸሹ ናቸው። ከእነሱ አለፍ ብሎ ልቃቂቶቹ ይታያሉ። በችኮላ የበቀሉት ቱቦዎች ደግሞ ያፈስሳሉ። ታካሚውን ራሱን የሚፈልጠው፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስታውከው በከፊል ከዚህ የሚመጣው እብጠት ነው፤ ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ የሚታዘዘውም ለእሱ ነው። ለኤምአርአይ በክንድ የሚወጋው ጋዶሊኒየም ዕጢው ላይ ነጭ ሆኖ የሚያበራው በዚሁ ቀዳዳ ሾልኮ ነው።

እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። «ተባዝቷል» ወይስ «አልተባዛም» በሚለው እኛው ራሳችን እንከራከራለን። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አንድ ስላይድ የሚያይበት ማይክሮስኮፕ አለን። እኔ በአንዱ፣ ባልደረባዬ በሌላው ሆነን «ይኸው ተደራርቧል» «ኧረ የለም፣ ወፈረ እንጂ ረድፉ አንድ ነው» እንባባላለን። ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ አጠገብ፣ ስትሮክ በመታው ቦታ ዳርም ደም ስር ይወፍራል። ካልተስማማን ለሦስተኛ ሰው እናሳያለን። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ውሳኔው ነው፤ ክርክሩ አይጻፍም። ስለዚህ ሌላ ሐኪም ስላይዱን እንዲያይላችሁ ብትጠይቁ ማንንም አላስቀየማችሁም። እኛም በየቀኑ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

የምንከራከረው ክብደቱን ስለምናውቅ ነው። ግሊዮማ የምንላቸው፣ ከአንጎል ደጋፊ ሴሎች ጋር የሚዛመዱ ዕጢዎች በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከ1 እስከ 4 ግሬድ ይሰጣቸዋል። (ብዙ ሰው «ስንተኛ ስቴጅ ነው?» ይለናል። ግሊዮማ እንደ ጡት ካንሰር በስቴጅ አይለካም፤ ያለው ግሬድ ነው።) በጎልማሳ ሰው ላይ በአንጎል ውስጥ በሚሠራጭ አስትሮሲቶማ ያ ልቃቂት ወይም ያ የሞቱ ሴሎች ደሴት ከታየ ዕጢው ግሬድ 4 ይሆናል። አይዲኤች የሚባለው ጂን ካልተለወጠ ደግሞ ስሙ ግሊዮብላስቶማ ነው። ሮጀር ስቱፕና ባልደረቦቻቸው 573 ታካሚዎችን ይዘው በ2005 ባወጡት ጥናት፣ በጨረር ብቻ ከታከሙት እኩሌቶቹ ከ12.1 ወር በላይ ኖሩ፤ ቴሞዞሎማይድ የተባለው የኬሞ መድኃኒት ከተጨመረላቸው እኩሌቶቹ ከ14.6 ወር በላይ። ሁለት ዓመት የደረሱት ከ10.4 ወደ 26.5 በመቶ ከፍ አሉ። ዛሬም የሕክምናው መሠረት ያው ነው። አንዲት የደም ስር መስመር ሪፖርት ላይ ስጽፍ እነዚህን ቁጥሮች እያወቅሁ ነው የምጽፈው፤ እጄ የሚከብድበት ቀን ብዙ ነው።

ደም ስር የዕጢን ጠባይ ይናገራል የሚለው ሐሳብ ሥሩ ሩቅ ነው። ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ በ1927 ሊዝበን ላይ በአንገት ደም ስር በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ወግተው የአንጎልን ደም ስሮች ምስል ሲያነሱ፣ የፈለጉት ዕጢው ያለበትን ቦታ ማግኘት ነበር። ሲቲና ኤምአርአይ ከመምጣታቸው በፊት ለነበሩ ሐኪሞች ከቦታው የተገፋ ወይም የተወለጋገደ ደም ስር ትልቅ ምልክት ነበር። በ2005 ደግሞ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ኤሊዛቤት ቡሊትና ባልደረቦቻቸው የደም ስሮችን መጠማዘዝ ከኤምአርአይ ምስል ላይ በኮምፒውተር ለክተው ክፉውን ዕጢ ከደጉ ለመለየት እንደሚያገለግል አሳዩ። የአዛውንቱ መምህሬ ጥያቄ በቁጥር ተመለሰ ማለት ነው።

ግሊዮብላስቶማም ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት ደም ስር የለውም። በ2003 ከቪየና የወጣ አንድ ጥናት ናሙናዎቹን በደም ስር ንድፋቸው ለይቶ አያቸው። በአንድ በኩል ቀጫጭን፣ ጤነኛ የሚመስሉ ደም ስሮች የበዙባቸው አሉ፤ በሌላ በኩል ልቃቂት፣ ጉንጉንና እጅብ ያለ የደም ስር ክምር የበዛባቸው። የመጀመሪያዎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ። ይሁን እንጂ ይህን ንድፍ በየሪፖርቱ ላይ አታገኙትም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንዱ ሐኪም «ጉንጉን» ያለውን ሌላው «ክምር» ሊለው ይችላል። የዕጢው አንድ ጥግ ልቃቂት ሲሞላ ሌላው ጥግ ባዶ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ነገር ላይ የሰው ዕድሜ አይቆጠርም።

ከንድፎቹ ሁሉ ተማሪ ቶሎ የሚይዘው የኦሊጎዴንድሮግሊዮማን ነው። ደም ስሮቹ አጫጭርና ቀጫጭን ሆነው በየቦታው ሹካ ሹካ እየሠሩ ይገናኛሉ፤ የዶሮ ቤት ሽቦ ይመስላሉ፤ እኛም የምንጠራቸው በዚሁ ስም ነው። በሽቦው ቀዳዳ ውስጥ ያሉት ሴሎች ደግሞ አስኳሉ መሃል ላይ እንደቀረ የተጠበሰ እንቁላል ናቸው። ያን ሽቦ ሳይ ትከሻዬ ቀለል ይለኛል። ክሮሞሶም 1 እና 19 ላይ የተወሰነ ክፍል ጠፍቶ ከተገኘ ስሙ ይረጋገጣል፤ ታካሚውም ዘመን የሚቆጥረው በወር ሳይሆን በዓመት ነው። እንዲህ ያለ ዕጢ ከፍ ባለ ግሬድ የያዛቸው ሰዎች ከጨረር ጋር ፒሲቪ የተባለ የኬሞ ቅንብር ሲያገኙ እኩሌቶቹ ከ14.7 ዓመት በላይ መኖራቸው በ2013 ታትሟል። ጨረር ብቻ ያገኙት እኩሌቶች 7.3 ዓመት።

ከሁሉ በላይ ሹክ ልላችሁ የፈለግሁት ግን የሚከተለውን ነው።

ያው ልቃቂት፣ ያው ተደራራቢ ግድግዳ፣ ያው ኤምአርአይ ላይ የሚያበራ ነጭ ነገር በልጆች ትንሹ አንጎል ውስጥ በሚበቅለው ፓይሎሲቲክ አስትሮሲቶማም ይታያል። ስላይዱን ቆርጣችሁ ደም ስሩን ብቻ ብታሳዩኝ ከግሊዮብላስቶማው ላልለየው እችላለሁ። ዕጢው ግን ግሬድ 1 ነው። ሙሉ በሙሉ ከወጣ ብዙ ጊዜ ሌላ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ከአሥር ልጆች ከዘጠኙ በላይ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ሄማንጂዮብላስቶማ የሚባለውም ሊነኩት የሚያስፈራ የደም ስር ጥቅጥቅ ነው፤ እሱም ግሬድ 1 ነው። ፊደሉ አንድ ሆኖ ቃሉ ይለያያል። ስለዚህ «የደም ስር መባዛት» የምትለዋ መስመር ብቻዋን ፍርድ አትሰጥም። በየትኛው ዕጢ ውስጥ እንደታየ፣ በየትኛው ዕድሜ፣ በየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሆነ ሳይታወቅ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልጋት ሰው የሌላ ሰው በሽታ እያነበበ ሊያለቅስ ይችላል። ወላጆች በልጃቸው ሪፖርት ላይ ያቺን መስመር አይተው እንቅልፍ አጥተው ሲያድሩ አስባለሁ፤ ስለዚህ እኔ በልጆች ሪፖርት ላይ ያቺን መስመር ስጽፍ ከሥሯ «ለዚህ ዕጢ ይህ የክፋት ምልክት አይደለም» የምትል ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ። ሁሉም ባልደረቦቼ ቢጨምሩ ደስ ይለኛል።

በተቃራኒውም ደም ስሩ ዝም ሲል አትመኑት። ከ2021 አዲስ አመዳደብ ወዲህ በጎልማሳ ሰው ላይ ልቃቂቱም የሞተ ደሴቱም ባይታይ፣ ዕጢው የተወሰኑ የጂንና የክሮሞሶም ለውጦች ካሉበት ግሊዮብላስቶማ ይባላል። አንዳንዴ የናሙና መርፌዋ የወሰደችው ከዳር ብቻ ነው፤ ልቃቂቱ ሁለት ሴንቲሜትር ርቆ ተቀምጦ ይሆናል።

ደም ስሩ ይህን ያህል ከተናገረ ለምን እሱኑ አንመታውም? ይህ ጥያቄ ለዓመታት ትልቅ ተስፋ ነበር። ቪኢጂኤፍን የሚይዘው ቤቫሲዙማብ፣ በገበያ ስሙ አቫስቲን፣ ዕጢው ለተመለሰባቸው ሰዎች በአሜሪካ በ2009 ተፈቀደ። ራዲዮሎጂስቶቹ ምስሉን እየያዙ ወደ እኛ ሲመጡ አስታውሳለሁ። በቀናት ውስጥ ነጩ ይጠፋል፤ እብጠቱ ይቀንሳል፤ ታካሚው ይነሳል። በ2014 ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አንድ ላይ ወጡ። በአንደኛው መድኃኒቱ ገና ከመነሻው ለተጨመረላቸው ሰዎች በሽታው ሳይገፋ የቆየበት ጊዜ ከ6.2 ወደ 10.6 ወር ረዘመ፤ ዕድሜ ግን 16.8 ወር ከ16.7 ወር ጋር ሆነ። ሁለተኛውም ዕድሜ አልጨመረም። ምስሉን ያጸዳው በከፊል የቱቦዎቹ ቀዳዳ መደፈኑ ነበር፤ ዕጢው እዚያው ነበር።

የሚያሳዝነው፣ ፍንጩ ከሰባ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ተጽፎ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ አንትወርፕ ይሠራ የነበረው ሃንስ ዮአኪም ሼረር የግሊዮማ ሴሎች በነባሮቹ ደም ስሮች ጥግ ጥግ እየሄዱ እንደሚሠራጩ በስላይድ አሳይቷል። አዲስ ደም ስር ቢከለከል ዕጢው በአሮጌው መንገድ ይሄዳል። በ2010 ደግሞ ከዚህ የባሰ ተገኘ፤ የግሊዮብላስቶማ ሴሎች ራሳቸው ወደ ደም ስር ሽፋን ሊለወጡ እንደሚችሉ ሁለት ቡድኖች በአንድ ወቅት አስታወቁ። አቫስቲን አልተጣለም፤ እብጠትን ቀንሶ ስቴሮይዱን ለማውረድ ዛሬም እናየዋለን፤ ለአንዳንድ ቤተሰብ ጥቂት የሰላም ሳምንታት ሰጥቷል። ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ዕድሜ ይጨምራል ብሎ የሚነግራችሁ ካለ ግን ቁጥሩን ጠይቁት።

ወደ ስልኩ ልመለስ።

«እማማ ስንት ዓመታቸው ነው?» አልኳት።

«ስልሳ ሦስት።»

ዝም አልኩ። እሷም ዝምታዬን ሰማች። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ መስመር፣ ምን ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ፤ ልዋሻትም አልፈለግሁም። መስመሩ ከባድ እንደሆነ ነገርኳት። ከዚያ ሪፖርቱን ወደ ታች እንድትወርድ ጠየቅኋት። መጨረሻው ላይ «የሞለኪውል ምርመራ በሂደት ላይ ነው፤ ውጤቱ ተጨምሮ ይወጣል» የሚል ነበረበት። ሪፖርቱ አላለቀም። ጠዋት ለዶክተሯ የምታቀርበውን አብረን ጻፍን። የዕጢው ሙሉ ስም ምንድን ነው? አይዲኤች ተለውጧል? የኤምጂኤምቲ ውጤትስ? የመጨረሻው ከደም ስር ጋር ባይገናኝም ብዙ ይለውጣል። በ2005 ከስቱፕ ጥናት ጎን በወጣው ሥራ ቴሞዞሎማይድ ከወሰዱት ውስጥ ይህ ጂን የተዘጋባቸው እኩሌቶቹ ከ21.7 ወር በላይ ሲኖሩ፣ ያልተዘጋባቸው 12.7 ወር ነበር። «እማዬ እንዳትሰማ ብዬ ነበር» አለችኝ። እሷን እንዲህ አድርጊ ማለት የእኔ ድርሻ አይደለም። የነገርኳት ብቻዋን እንዳታነበው፣ ጠዋት ወንድሟን ይዛ እንድትሄድ ነው።

አሁን ለእናንተ። ከአንጎል የወጣች ቁራጭ ፎርማሊን ውስጥ ከከረመች በኋላ በፓራፊን ሰም ትቀበራለች። ይህች የሰም ብሎክ ከክብሪት ቀፎ ታንሳለች፤ በክፍል ሙቀት ለብዙ ዓመታት አትበላሽም። ደም ስሩም፣ ጂኑም፣ ስሙም እዚያ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ናሙናውን በዕቃ ይዞ ወደ ላብራቶሪ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ነው፤ ፎርማሊኑ ከናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ እንዲበልጥ ጠይቁ፤ ደረቅ ጨርቅ ወይም ውኃ ውስጥ አይግባ። ለሕክምና ወደ ባንኮክ፣ ወደ ዴልሂ ወይም ወደ ኢስታንቡል የምትሄዱ፣ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ወረቀቱ የአንድ ሰው ዓይን ነው፤ የሰም ብሎኩንና ስላይዶቹን ያየ ሐኪም ግን ራሱ አይቶ ሊናገር ይችላል። የኤምአርአዩንም ሲዲ ያዙ።

እኔ በምሠራበት ክፍል ከአሥር ዓመት በፊት የተቀበሩ ብሎኮች መደርደሪያ ላይ አሉ። ሰው ሲጠይቅ እናወጣቸዋለን። ጠይቁን።